ማሪያንስ ካፌ (ኤምኤልኬ ላይብረሪ፣ ዲሲ) እና ከጀርባው ያለው ኩሽና፦ የአጎቴን ልጅ የመለሰልን ቦታ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሐበሾች ይሄን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፣ ረዘም ይላል ግን ቤቱ መጠጥ ያስቸገረው ሰው ያለበት ሁሉ የሚጠቅመው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ካፌው። ጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ወርዳችሁ በ9ኛው መንገድ በኩል ስትወጡ ያው ያ ትልቁ ጥቁር የብረትና የመስታወት ህንጻ ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ነው፣ ሚስ ቫን ደር ሮ የሚባለው ታዋቂ አርክቴክት የነደፈው በ1972 የተከፈተ፣ ከዛ ለእድሳት ሦስት አመት ገደማ ተዘግቶ በ2020 እንደገና የተከፈተ። እዛ ውስጥ እንደገባችሁ የመጀመሪያው ወለል ላይ ነው ማሪያንስ ያለው። ሳንድዊች፣ ሰላጣ፣ ኩኪስ፣ ቡና፣ ሻይ ምናምን አለ። ቡናው የአሜሪካን ቡና ነው፣ ጀበና ቡና የለመደ አፍ እንደዛ አድርጎ መጠበቅ የለበትም፣ ግን ትኩስ ነው አይመርም። ሳንድዊቹ ደግሞ እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነው፣ ዳቦው ያልደረቀ፣ አትክልቱ የዛን ቀን የተከተፈ መሆኑ ያስታውቃል። ለስራ የሚቻኮል ሰውም ላፕቶፕ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰውም እኩል ቦታ አለው።

እኔን ግን የያዘኝ ምግቡ ብቻ አይደለም፣ አስተናጋጆቹ ናቸው። ሁለት ትልልቅ ፌስታል የተሸከመ፣ ልብሱ ያደፈ፣ ከላይብረሪው ሙቀት ፍለጋ የገባ ሰው ወደ ካውንተሩ ሲጠጋ አይኑን አይተው "እንደምን አደሩ ሰር" ይሉታል። ሌላ ካፌ ቢሆን ጥበቃ ነው የሚጠራው። ለምን እንደዛ እንደሚያደርጉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካፌው ዲሲ ሴንትራል ኪችን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ እዛ የሚሰሩትም ብዙዎቹ በድርጅቱ የምግብ ዝግጅት ስልጠና ያለፉ ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዱ ከእስር ቤት የመጣ፣ አንዳንዱ ከሱስ፣ አንዳንዱ ከሼልተር (ቤት አልባ ሰዎች ከሚያድሩበት ቤት)። ስሙም ማሪያን አሊ ከተባለች ሴት የተወሰደ ነው፣ ራሷ በሱስ ውስጥ ያለፈች፣ ከዛ ወጥታ ያንን የስልጠና ክፍል ለብዙ አመታት የመራች ሴት። አሁን በህይወት የለችም፣ ነፍሷን ይማር፣ እሷ ያስተማረቻቸው ግን በየከተማው ኩሽና አሉ።

እንግዲህ አሁን ስለ አጎቴ ልጅ። ስሙን አልጠራም፣ እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፣ "ጻፊው እትዬ፣ አንድ ሰው ይጠቀም ይሆናል" ነው ያለኝ። በዲቪ የመጣ ልጅ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሰራ፣ ከዛ ታክሲ ነዳ፣ ለእናቱ ብር ይልክ ነበር፣ ሁለት እህቶቹን ያስተማረው እሱ ነው። መጠጡ ከስራ በኋላ ከጓደኛ ጋር ተጀመረ፣ ከዛ ለብቻው ሆነ፣ ከዛ ጠዋት ተነስቶ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ሆነ። ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘና መንጃ ፈቃዱን አጣ፣ መንጃ ፈቃድ ሲጠፋ ስራው ጠፋ፣ ስራው ሲጠፋ የቤት ኪራይ ቆመ፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ ለጥቂት ወራት ታገሰውና በመጨረሻ አስወጣው፣ እሱንም አልፈርድበትም። መኪናው ውስጥ አደረ። መኪናው ተጎትቶ ተወሰደ። ከዛ ሼልተር።

ቤተሰቡ ምን አለ መሰላችሁ? "ሌላ ስቴት ሄዷል"። ኢትዮጵያ ላሉት እናቱ የተነገራቸው ይሄ ነው፣ "ቴክሳስ ጥሩ ስራ አግኝቷል ስልክ አይመቸውም"። ቤተክርስቲያን ስንገናኝ ስሙ ሲነሳ ሰው ወሬ ይቀይራል። ገመና ነው ይባላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ልጁ እኮ ካለንበት ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ብርድ ላይ ነው ያለው፣ እኛ ቴክሳስ ልከነዋል።

የነበረበት ሼልተር 2ኛው እና ዲ ስትሪት ላይ ያለው ትልቁ ነው፣ ከካፒቶል ብዙ የማይርቅ፣ ከሺ በላይ ሰው የሚያድርበት። የዚህን ቤት ታሪክ ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ሚች ስናይደር የሚባል ሰው ነው በ1984 መንግስት ያን ህንጻ ለቤት አልባ ሰዎች እንዲያድስ ብሎ ምግብ ያቆመው፣ 51 ቀን። ሁዳዴን 55 ቀን እንጾማለን እኛ፣ ሽሮም ምስርም እየበላን ነው ያውም፣ ያ ሰውዬ በውሃ ብቻ 51 ቀን ቆይቶ ሊሞት ሲደርስ ነው የሬጋን መንግስት እሺ ያለው፣ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው። ዲሲ ሴንትራል ኪችንም ቤዝመንቱ ውስጥ ነበር ለብዙ አመታት ምግብ ያበሰለው። አሁን ወደ ሳውዝዌስት፣ በዛርድ ፖይንት፣ አውዲ ፊልድ ስታዲየም አካባቢ ትልቅ አዲስ ቤት ገብተዋል።

አጀማመራቸው ራሱ ይገርማል። ሮበርት ኤገር የሚባል የናይት ክለብ ሰራተኛ የነበረ ሰው በመኪና እየዞረ ለቤት አልባ ሰዎች ምግብ የሚያድል ቡድን ጋር አንድ ምሽት ይወጣል፣ ያያል፣ ያስባል፦ ምግቡ ተገዝቶ ነው የሚታደለው፣ ይሄ ሁሉ ሆቴልና ሬስቶራንት ደግሞ የተረፈውን ይጥላል፣ ሰዎቹም ነገ ተመልሰው እዛው ሰልፍ ላይ ናቸው። ታዲያ ለምን የተረፈውን ሰብስበን፣ ሰልፍ ላይ ያሉትን ራሳቸውን ምግብ ማብሰል አስተምረን ስራ አናስይዝም? በጥር 1989 የትልቁ ቡሽ በዓለ ሲመት ሲደረግ ከግብዣው የተረፈውን ምግብ ሰብስቦ ጀመረ። ስፔናዊው ሼፍ ሆሴ አንድሬስም ወጣት ሆኖ እዛ በጎ ፈቃደኛ ነበር፣ በኋላ በ2010 ከሃይቲው መሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ያቋቋመውን ወርልድ ሴንትራል ኪችን ስሙን እንኳ ስታዩት ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሼልተር ያለ ሰው ቀን ቀን የት ይውላል? ብዙው ላይብረሪ ነው የሚውለው፣ ይሞቃል፣ ሽንት ቤት አለ፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ማንም አይጠይቅህም። የዲሲ ላይብረሪ ይሄን አውቆ ከ2014 ጀምሮ ሶሻል ወርከር ቀጥሯል፣ ራሳቸው ጎዳና ላይ የነበሩ ሰዎችም ተቀጥረው ለሌላው መንገድ ያሳያሉ፣ ሼልተር፣ ህክምና፣ መታወቂያ የመሳሰለውን። እኔ ልጁን የማገኘው እዛ ነበር፣ ቤቴ ና ብለው አይመጣም፣ ሽታዬን ልጆችሽ እንዲያውቁት አልፈልግም ይላል። ስለዚ ማሪያንስ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን፣ ሳንድዊች አዝለታለሁ፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል።

አንድ ቀን ካፌው ውስጥ የምትሰራ አንዲት ጎልማሳ ሴት ጠረጴዛ እየጠረገች እጁን አየችው፣ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ አለች አጠገቡ። "2ኛውና ዲ ነህ?" አለችው። አዎ አላት። "እኔም እዛ ነበርኩ" አለችና በጣቷ መሬቱን እያሳየች "አሁን እዚህ ነኝ" አለችው። በቃ ይሄው ነው፣ ስብከት የለ ምክር የለ፣ ተነስታ ወደ ስራዋ ሄደች። እኔ ለሁለት አመት ያልኩትን ሁሉ ብትደምሩት የዛችን ሴት አንድ አረፍተ ነገር አያክልም። በሚቀጥለው ስንገናኝ የመጀመሪያ ጥያቄው "ያቺ ሴትዮ የተማረችው የት ነው?" የሚል ነበር።

እዚ ጋር አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉልኝ፣ ዲሲ ሴንትራል ኪችን ሪሃብ (የሱስ ማገገሚያ) አይደለም። የስራ ስልጠና ነው። እየጠጣ ያለ ሰው እዛ አስገብቶ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም፣ መጀመሪያ መጠጡ በህክምና መያዝ አለበት። ለአመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ደግሞ "ከዛሬ ጀምሮ አቁም" ተብሎ ክፍል ተዘግቶበት እንዳይቀመጥ፣ እባካችሁ፣ ይሄን ለመጻፍ ብቻ ቢሆን እንኳ ይሄን ሪቪው እጽፈው ነበር። የለመደ ሰውነት መጠጥ በአንዴ ሲቀርበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ በመድሃኒት እያረጋጉ በጥቂት ቀን ውስጥ ያወጡታል፣ ከዛ በኋላ የመጠጥ ፍላጎቱን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድሃኒቶችም አሉ። ጸበልም ይሂድ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ እኔም ወስጄዋለሁ፣ ጸበሉም ሐኪሙም አብረው ይሁኑ ነው የምለው። የት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ 1-800-662-4357 ሳምሳ የሚባለው የመንግስት መስመር ነው፣ ነጻ ነው፣ ሃያ አራት ሰአት ይሰራል፣ ስም አይጠይቅም።

ልጁ ከህክምናው ከወጣ በኋላ አንዴ ወደቀ፣ ወደ መጠጡ ተመለሰ፣ ከዛ ህክምናውን እንደገና ጀመረ። ይሄን ስጽፍ እሱን ላሳፍር ብዬ አይደለም፣ ቤታችሁ ያለው ልጅ አንዴ ሲወድቅ "በቃ አበቃለት" እንዳትሉ ብዬ ነው። ከሱስ ለሚያገግም ሰው መውደቅና መነሳት ያለ ነገር ነው፣ ለዚህ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚነግሩህ ይሄንን ነው። ሁለተኛው ጊዜ ሲነሳ ነው ስልጠናው ውስጥ የገባው።

ስልጠናው እሱ ሲማር 14 ሳምንት ነበር። ነጻ ነው፣ ብር አይከፈልም። ጠዋት በሰአቱ መገኘት አለ፣ ዘግይቶ መምጣት ቀልድ አይደለም። ቢላ አያያዝ ነው መጀመሪያ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ድንች እኩል እኩል አድርጎ መክተፍ። እጁ የሚንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ እኮ ነው፣ ካሮት በአንድ ልክ ሲከትፍ ቪዲዮ ላከልኝ፣ እኔ ስራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዛ ሾርባ፣ ሶስ፣ ስጋ፣ ዳቦ። የተከተፈው የተበሰለው ደግሞ ልምምድ ሆኖ ተደፍቶ የሚቀር አይደለም፣ ከዛ ኩሽና የሚወጣው ምግብ ለሼልተሮችና ለሌሎች ድርጅቶች ይሄዳል። ትናንት ሰልፍ ላይ ሆኖ ሳህን የተቀበለ ሰው ዛሬ ያችን ሳህን የሚሞላው እሱ ነው። ልጁ ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ሌላ ነበር፣ "እትዬ የሰራሁት ሾርባ 2ኛውና ዲ ሄደ" አለኝ።

የምግብ ደህንነት ፈተና አለ፣ ሰርቭሴፍ የሚባለው፣ ሬስቶራንት የሰራችሁ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝኛው ከበደውና ማታ ማታ በስልክ እኔ እየጠየቅኩት አጠናን። ከ41 እስከ 135 ዲግሪ ፋራናይት አደገኛው ክልል ነው፣ ባክቴሪያ የሚራባበት፣ ዶሮ 165 መድረስ አለበት፣ ጥሬ ስጋ ፍሪጅ ውስጥ ከታች ነው የሚቀመጠው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይነግረኛል። ለፋሲካ እኔ ቤት መጥቶ (መጣ! በራሱ እግር መጣ) ዶሮ ወጡን አዳሩን ምድጃ ላይ ልተወው ስል ድስቱን አንስቶ በትንንሽ እቃ ከፋፍሎ ፍሪጅ ከተተው። እናቴ "ዶሮ ወጥ እኮ ሲያድር ነው የሚጣፍጠው ልጄ" አለችው፣ እሱ ደግሞ በትህትና "ፍሪጅ ውስጥም ያድራል እማማ" አላት። በዛ ቤት ውስጥ ለብዙ አመት የሚታዘንለት ሰው ነበር፣ የዛን ቀን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተቀመጠ።

ከማብሰሉ እኩል ቦታ የሚሰጡት ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፣ ክብ ሰርተው ተቀምጠው ስለ ራሳቸው የሚያወሩበት፣ ምን አናደደህ፣ ስትናደድ ምን ታደርጋለህ፣ ማንን ነው የጎዳኸው፣ ለምንድነው ሁሌ ሊሳካልህ ሲል የምታበላሸው የሚባባሉበት። ለሐበሻ ይሄ ከባድ ነው። እኛ ሆዳችን ውስጥ ቀብረን ነው ያደግነው፣ ባዳ ፊት ገመና አውጥቶ ማውራት አልለመድንም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው። የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው፣ አናኮስቲያ የሚባለው የዲሲ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካኖች፣ ብዙ አመት እስር ቤት የቆዩ፣ ልጆቻቸውን የተነጠቁ። እነሱን ሲሰማ ሲሰማ አንድ ቀን አፉን ከፈተ፣ ስለ አባቱ ነው ያወራው አለኝ፣ ዝርዝሩን አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩም። ከዛ ቀን በኋላ አንድ ትልቅ ሰውዬ በየጠዋቱ ይደውልለት ጀመር፣ ተነሳህ ወይ ብሎ፣ እሱም መልሶ ይደውላል። እኛ ስለ ጥቁር አሜሪካኖች ምን ምን እያልን እንደምናወራ ታውቃላችሁ፣ ልጃችንን ከአልጋ የቀሰቀሱት ግን እነሱ ናቸው፣ ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ኑሮን እንደገና መገንባት ስንል ሰው የሚያስበው ስራና ቤት ነው፣ ግን መጀመሪያ ወረቀት ነው። ግሪን ካርዱ ጠፍቷል፣ ሶሻል ካርዱ ጠፍቷል፣ መታወቂያ የለም፣ መታወቂያ ሳይኖር ደግሞ ሌላውን ማውጣት አይቻልም፣ እንዲሁ ስትዞሩ መዋል ነው። ለሚጠቅመው ልጻፍ፦ ዲሲ ውስጥ ቤት አልባ የሆነ ሰው ከሚረዳው ድርጅት ወረቀት ይዞ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና መታወቂያ የሚሰጠው መስሪያ ቤት) ቢሄድ መታወቂያ ያለ ክፍያ ያወጣል። የጠፋ ግሪን ካርድ አይ-90 በሚባለው ፎርም ነው የሚተካው፣ መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ ክፍያው እንዲቀርለት የሚጠየቅበት አይ-912 የሚባል ፎርም አለ። የላይብረሪዎቹ ሰዎች በዚህ በጣም ረድተውታል፣ አብረውት ተሰልፈዋል ማለት እችላለሁ።

በስልጠናው መጨረሻ ላይ እውነተኛ ኩሽና ውስጥ ሄደው ይለማመዳሉ፣ ሆቴል፣ ሬስቶራንት፣ ካፍቴሪያ። ከዛ ምረቃ። ነጭ የሼፍ ጃኬት ለብሰው ይቆማሉ፣ ስማቸው ይጠራል፣ ሰው ይጮሃል፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ብዙ አይቻለሁ እንደዛ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። እናቱን በቪዲዮ አገናኘናቸው፣ ቴክሳስ አለመሆኑን ያወቁት ቀደም ብለው ነው፣ እሱ ራሱ ነው ደውሎ የነገራቸው፣ አልተቆጡም፣ "ለምን ለብቻህ ተሸከምከው?" ነው ያሉት። ጃኬቱን ሲያዩ እልል አሉ፣ የስልኩ ስፒከር ተንጫጫ፣ አጠገባችን የነበሩት ሰዎችም እልልታውን ተቀብለው ጮሁ።

አሁን ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ለህጻናት ቁርስና ምሳ ያበስላል። ኖርዝኢስት አንድ ክፍል ተከራይቷል፣ ሽንት ቤት ከሌላ ልጅ ጋር ይጋራል፣ መስኮቱ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ተክሏል። ለእናቱ እንደገና ብር መላክ ጀምሯል፣ ትንሽ ናት ግን ይልካል።

አሁን ደግሞ እንደ ሪቪው ሚዛናዊ ለመሆን፣ ለማን እንደሚሆንና እንደማይሆን ልንገራችሁ። ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ታክሲ ነድቶ ስለነበር መግባባት ይችል ነበር፣ በቅርብ የመጣ ሰው ግን ይቸገራል፣ መጀመሪያ የቋንቋ ትምህርት ቢወስድ ይሻለዋል። ቤት አይሰጡም፣ ማደሪያ በሌላ በኩል መፈለግ አለበት፣ እኔ እንደማየው ዋናው ፈተና ይሄ ነው፣ ሼልተር እያደሩ በጠዋት ተነስቶ መድረስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አይቻለሁ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ለነዛ ሳምንታት ሶፋውን ቢሰጥ ትልቅ ነገር ነው። የኩሽና ስራም ራሱ ቀላል አይደለም፣ ሙቀት አለ፣ ሩጫ አለ፣ ብዙ ሬስቶራንት ውስጥ ባር አለ፣ ከስራ በኋላ መጠጣት ባህል የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ልጁ ከሆቴልና ከሬስቶራንት የትምህርት ቤት ኩሽናን የመረጠው ለዚህ ነው፣ ከሰአት ላይ ያበቃል፣ ባር የለም። ጥሩ አድርጎ አሰበ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የነዋሪነት መስፈርቱን ጠይቁ።

ለሐበሻ ሬስቶራንት ባለቤቶች። ዩ ስትሪት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ስንት ቤት ነው ያለን! ስንት ወጥ ነው ማታ የሚደፋው! "ብሰጥ አንድ ሰው ታመምኩ ብሎ ይከሰኛል" የምትሉ አላችሁ፣ ሰምቻችኋለሁ። ህግ አለ፣ በ1996 ፕሬዝዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቢል ኤመርሰን ደጉ ሳምራዊ የምግብ ልገሳ ህግ ይባላል፣ በቅን ልቦና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ምግብ የለገሰ ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይ ሆን ብሎ ጉዳት ካልፈጸመ በቀር ተጠያቂ አይሆንም። ስለዚ ደውሉላቸው፣ ምን መቀበል እንደሚችሉ ጠይቁ። ከዚህ የሚበልጠው ግን፣ ሰው ስትቀጥሩ ከዛ ስልጠና የወጣ ሰው ቅጠሩ። ቢላ የሚይዝ፣ ሰርቭሴፍ ያለው፣ በሰአቱ የሚመጣ ሰው አጣን እያላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ እኮ፣ እነሱ እዛ ናቸው።

ኮርነር ስቶር (የሰፈር ሱቅ) ያላችሁም እንደዛው፣ በተለይ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 ያላችሁ። በዛ አካባቢ ሱፐርማርኬት እንደ ልብ አይገኝም፣ ሰፈሩ የሚበላው እናንተ የምታስገቡትን ነው። ዲሲ ሴንትራል ኪችን ከ2011 ጀምሮ ሄልዚ ኮርነርስ በሚል ፕሮግራም ለትንንሽ ሱቆች ፍራፍሬና አትክልት በጅምላ ዋጋ፣ በትንሽ በትንሹ ያደርሳል፣ ማቀዝቀዣም ይሰጣል። ሙዝና ብርቱካን ከቢራው ፍሪጅ አጠገብ አስቀምጡ፣ ህጻናቱ ይገዛሉ።

ሌላ ልለው የምፈልገው ስለ ድግሳችን ነው። ልጁ መጠጥ ካቆመ በኋላ በጣም የፈተነው ጎዳናው አይደለም፣ ሰርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ ማህበር ነው። ጠላ ይቀዳለታል፣ አልፈልግም ይላል፣ "አንዷን ብቻ"፣ አልፈልግም፣ "በሞቴ"፣ አልፈልግም፣ "ኮራህ እንዴ? አሁን ሰው ሆንክ?" እናቶች ናቸው እንደዛ የሚሉት፣ በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ተዉት። የሰውዬውን ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም፣ አልጠጣም ካለ ለስላሳ ወይ ውሃ ይቀዳለት፣ አለቀ። አሁን እሱ ሰርግ ሲሄድ ብርዝ የሚያዘጋጅ ቤት ይጠይቃል፣ የሌለበት ጋር ቶሎ ሰላም ብሎ ይወጣል፣ የእህቱ ልጅ ክርስትና ላይ እንኳ ግማሽ ሰአት አልቆየም። ሰው ታዘበው፣ እኔ ግን ኮራሁበት።

ለማንኛውም ወደ ማሪያንስ የምትሄዱ፣ ከምሳ ሰአት ቀደም ብላችሁ ሂዱ ያኔ ሰልፍ የለም፣ የሚከፈትበትን ሰአት የላይብረሪው ዌብሳይት ላይ እዩ፣ ከበላችሁ በኋላ ወደ ላይ ውጡ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የአትክልት ቦታ ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ ልጆችም ይወዱታል። ቲፕ አትርሱ። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ማገልገል የሚፈልግ ደግሞ በዛርድ ፖይንት ባለው ኩሽና አትክልት መክተፍ ይችላል፣ ኦንላይን ነው የሚመዘገበው፣ ከማህበራችን ሴቶች ጋር አብረን ሄደን ከትፈናል፣ ሽንኩርት አከታተፋችንን አይተው ሼፎቹ ገርሟቸው ነበር፣ አሁን ሌሎች ማህበሮችም እንዲመጡ እየጠየቅን ነው፣ የምትፈልጉ ጻፉልኝ አብረን እንመዘገባለን። ካፌውም ስልጠናውም ከእኔ 5 ከ 5።